ለሞት የተቀመጠ ገንዘብ

እሁድ ጠዋት ገዲሴ እንደ ልማዷ ሁለት እስር ጎመን ይዛ የባሏ ታላቅ ወንድም ጋሽ ፈየራ ቤት ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ከውስጥ የቀበሌውን ሊቀመንበር የቦጋለን ድምፅ ሰማች። ሰውየው በድምፅ ማጉያ ሲጮህ ስለከረመ ሹክሹክታው እንኳ በቅጡ ሹክሹክታ አልሆነለትም። «‹ዕድራችን በራሱ ተነሳሽነት› ብለህ ጀምር» ይላል። «ከዚያ ‹ያጠራቀምነውን ሁለት ሺህ ብር ለወንዝ ዳር ልማቱ አበርክተናል› ትላለህ። አበርክተናል በል፣ እናበረክታለን አይደለም። ያለቀ ነገር ይምሰል።» ልጁ የሚሆን ጎረምሳ ነው እኮ አንተ የሚለው። ጋሽ ፈየራም፣ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ የሁለት መቶ አባወራ ዕድር ዳኛ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ «ዕድራችን በራሱ ተነሳሽነት» ብሎ ደገመለት።

ገዲሴ ጉሮሮዋን ጠርጋ ገባች። ሳሎኑ ያው የምታውቀው ሳሎን ነው፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ ቢጫ ሆኗል፣ ሬዲዮኑ በዳንቴል ተሸፍኗል፣ ከመስኮቱ ሥር ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ግን ዛሬ ሁለት አዲስ ነገር ነበር፤ አንድ ሳህን ሙሉ ስኳርና ከስኳሩ ጎን የቦጋለ ሽጉጥ። እሷ ከኅብረት ሱቅ በወር ግማሽ ኪሎ ስኳር ለማግኘት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ትሰለፋለች፤ ይኼ ሰውዬ አራተኛውን ማንኪያ እየጨመረ ያማስላል። ቦጋለ ቀና ብሎ ጎመን ስንት ገባ ብሎ ጠየቃት፤ እስሩ ስሙኒ ነው አለችው። ይኼማ ሕዝብ መዝረፍ ነው ብሎ ሳቀና ሻዩን ጨለጠ፣ ሽጉጡን ሻጠ፣ ሲወጣ ደግሞ ከሁለቱ እስር አንዱን አንስቶ ብብቱ ሥር አድርጎ ሄደ። እንካ ያለው የለም። ጋሽ ፈየራም አየ፣ እሷም አየች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገዲሴ ቤት ወንዙ ከላፍቶ ወርዶ ወደ ድልድዩ ከመድረሱ በፊት በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። አሥራ አንድ ጭቃ ቤቶች እዚያ ማጠፊያ ላይ ተደርድረዋል። አምና ሐምሌ ወንዙ የገዲሴን ማድቤት ከነድስቱ፣ ከነማገዶው ይዞት ሄደ፤ የጎመን መደቧንም ግማሹን በላው። አሁን በወንዙና በመኝታዋ መካከል ያለው መሬት ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። ባሏ ሮበሌ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ የምትኖረው ከሁለት ልጆቿና ከባሏ እናት ከእማማ በቀለች ጋር ነው። እማማ በቀለች የጋሽ ፈየራም እናት ናቸው። ትልቁ ልጃቸው ከላይ ዳገቱ ላይ፣ ወንዝ የማይደርስበት ባለ ሦስት ክፍል ቤት እያለው፣ አሮጊቷ «የታናሽ ልጄን ቤት ትቼ የትም አልሄድም» ብለው ቀሩ ይባላል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ማንም ሁለተኛ ጊዜ ኑ ብሎ አልለመናቸውም።

ያለፈው ታኅሣሥ የአሥራ አንዱ ቤት ሰዎች ከፉሪ በኩል በአህያም በሸክምም ድንጋይ ሰብስበው ማጠፊያው ላይ ቆለሉ። ወንዙን ለሚመልሰው መከላከያ ግንብ የቀራቸው ሲሚንቶና ማሰሪያ ሽቦ፣ የግንበኛም ዋጋ ነበር። ገዲሴ ዕድሩን ብድር ጠየቀች። ጋሽ ፈየራ መነጽሩን አድርጎ የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ ገለጠና አንቀጽ ስድስትን ጮክ ብሎ አነበበላት፤ የዕድሩ ገንዘብ ለሞት ብቻ ነው፤ በቁም ላለ ሰው፣ ቤት ለመሥራትም ሆነ ለሌላ ችግር አንዲት ሳንቲም አይወጣም። ተሰብሳቢው ሁሉ ልክ ነው፣ ልክ ነው አለ። ገዲሴ ያን ቀን እያለቀሰች ብትሄድም አልጠላችውም። ሮበሌ ሲሞት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሬሳ ሳጥኑ መጥቶ፣ የሀዘንተኛው እራት ተሰናድቶ ያየች ሰው ናት። ሕግ የሚጠብቅ ሰው ነው ብላ እንዲያውም በልቧ አክብራዋለች። አሁን፣ ቦጋለ በወጣበት ሳሎን ቆማ፣ ያ አክብሮት ትዝ አላት።

«ጋሼ፣ ገንዘቡ ለሞት ብቻ ነው ብለውኝ አልነበር?» አለችው።

ጋሽ ፈየራ የተረፈችውን አንድ እስር ጎመን አንስቶ ሥሩን እያየ ስብሰባው በሦስት ሰዓት ነው፣ እንዳይረፍድብሽ አላት።

የቀበሌው አዳራሽ ድሮ የአንድ ባለሀብት እህል መጋዘን ነበር፤ ከተወረሰም በኋላ የነቀዝ ሽታው አልለቀቀውም። በሩ ላይ ወንበር ዘርግቶ የተቀመጠ የአብዮት ጥበቃ የራሽን ካርድ ይሰበስባል፤ ካርዱ የሚመለሰው ስብሰባው ሲያልቅ ማኅተም ተመትቶበት ነው። ያልተሰበሰበ ስኳርም ሳሙናም የለውም። ስለዚህ አዳራሹ ሁልጊዜ ጢም ይላል። ገዲሴ ጎረቤቷ ዙሌካ አጠገብ ተቀመጠች። ዙሌካ የማጠፊያው ሦስተኛ ቤት ነች፤ በርበሬ ነጋዴ ናት፣ ግድግዳዋ አምና ተሰንጥቆ እስከ ዛሬ ድረስ ስንጥቁን በጨርቅ ወትፋ ነው የምትኖረው። ገዲሴ ጠዋት የሰማችውን በጆሮዋ ነገረቻት። ዙሌካ ከንፈሯን ነክሳ ዛሬስ ዝም አንልም አለች። እጅሽን ታወጫለሽ ወይ ስትላት ወላሂ አወጣለሁ አለች።

ቦጋለ መድረኩ ላይ ወጥቶ በመጀመሪያ ስለ አድኃሪያን፣ ቀጥሎ ስለ ኢምፔሪያሊዝም፣ ከዚያ በኋላ ስለ ወንዙ ተናገረ። አሥረኛው የአብዮት በዓል አራት ወር ቀርቶታል፤ እንግዶች በላፍቶ ድልድይ ላይ በመኪና ያልፋሉ፤ ሲያልፉ የሚያዩት ቆሻሻና ጎመን መሆን የለበትም። ስለዚህ ከድልድዩ ግርጌ ግድብ ይሠራል፣ ውሃው ተጠራቅሞ ሐይቅ ይመስላል፣ ዳርና ዳሩ ላይ አበባ ይተከላል፣ ለሰፊው ሕዝብ መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል። ወጪውን ሕዝቡ ራሱ ይሸፍናል። በየቤቱ አምስት አምስት ብር፣ ከየዕድሩ ደግሞ እንደ አቅሙ። ማጠፊያው ላይ ያለው ድንጋይም ነገ ጠዋት በመኪና ይነሳል፣ ለግድቡ ተፈልጓል። ይኼን የመጨረሻውን ሲናገር ድምፁ ዝቅ እንኳ አላለም። ሰው ጀርባው እስኪላጥ ተሸክሞ ያመጣውን ድንጋይ መንገድ ላይ ወድቆ እንዳገኘው ነገር።

ከዚያ ውይይት ተባለ። አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ተነስቶ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ለሦስት መቶ ቤት አንድ ቦኖ ብቻ ነው ያለን፣ እሱም ሳምንቱን ሙሉ ደርቆ ይከርማል፣ የሚጠጣ ሳይኖረን የሚታይ ውሃ ምን ያደርግልናል አለ። ቦጋለ ስሙን ጠይቆ ጻፈና ከስብሰባው በኋላ ቢሮ ብቅ እንዲል ነገረው። መምህሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ግራና ቀኙ የነበሩት ሰዎችም ወንበራቸውን ፈንጠር አደረጉ። አንዲት ሴት ይኼ ወንዝ ከላይ የከተማውን እዳሪ ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ከተገደበ ይሸተናል አለች። ባለሙያ አጥንቶታል ተባለች። ገዲሴ ተነሳች። የተናገረችው ቀጥ ያለ ነገር ነው። ድልድዩ ከማጠፊያው በታች ነው፤ እዚያ ጋ የተገደበ ውሃ ሐምሌ ሲገባ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚተኛው እኛ ቤት ውስጥ ነው፤ አሥራ አንድ ቤት ይሄዳል፤ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ይኼን የማያውቅ ሰው የለም አለች። ቦጋለ ፈገግ ብሎ፣ እህታችን ከጎመኗ በላይ ማየት ስላልቻለች እንጂ ልማቱን ጠልታ አይደለም አለ። ተሳቀ። ከሳቁት መካከል የማጠፊያው ሰዎችም ነበሩበት።

ጋሽ ፈየራ ያን ጊዜ ተጠራና ተነሳ። ኮቱን አስተካክሎ፣ ዓይኑን መድረኩ ላይ የተሰቀለው ቀይ ጨርቅ ላይ ተክሎ፣ ጠዋት ያጠናውን አንዲት ቃል ሳይስት አነበነበው። ዕድራችን በራሱ ተነሳሽነት። አበርክተናል። ጭብጨባው ሲቀልጥ ገዲሴ አዳራሹን ዞር ብላ አየች። ሬሳ ታቅፈው ያለቀሱ ሰዎች፣ ከልጅ አፍ ነጥቀው በየወሩ ሁለት ሁለት ብር የከፈሉ ሰዎች፣ የሞታቸው ገንዘብ ሲሄድ እጃቸው እስኪቀላ ያጨበጭባሉ። የሚደግፍ ሲባል እጅ እንደ ሸምበቆ ቆመ። የሚቃወም ሲባል ገዲሴ እጇን አወጣች። ዙሌካን አየቻት። ዙሌካ አንገቷን ደፍታ የሻርፗን ጫፍ ክር ትተለትል ነበር። ቦጋለ አዳራሹን በዓይኑ ቃኘ፣ ብቻዋን የቆመችውን እጅ ለአፍታ ያህል አየ፣ ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሮ «በሙሉ ድምፅ ብለህ ጻፍ» አለ።

ገዲሴ ካርዷን ተቀብላ ወጣች። ቀኑ ገና ነው፤ ድንጋዩን የሚጭነው መኪና የሚመጣው ነገ ነው። ያለ ሲሚንቶም ቢሆን ዛሬ ሃምሳ ሰው ቢገኝ ድንጋዩን ወርውሮ ወርውሮ ከውሃው ዳር በደረደረ፤ ጭቃ ውስጥ የገባን ድንጋይ መልሶ ማውጣት ደግሞ ለቦጋለም ቀላል አይሆንለትም። ይኼን አስባ ቤት ለቤት ዞረች። አንዱ ወገቤን ያመኛል አለ። አንዱ እንግዳ አለብኝ አለ፤ በሩ ክፍት ስለነበር እንግዳ እንደሌለ ይታያል። ሌላው ሰብሰብ ብሎ መታየት በዚህ ዘመን ምን እንደሚያመጣ ታውቂው የለም ወይ ብሎ አጮልቆ መንገዱን አየ። ይኼኛው ቢያንስ አልዋሸም። ዙሌካ በሯን ከፈተችና ገና ገዲሴ ሳትናገር ማልቀስ ጀመረች፤ ዑስማንን ባለፈው ወር ለቀናት አስረውት ስንት ተለምኖ ነው የወጣው አለች። ዑስማን ባሏ ነው። ገዲሴ እሺ ብላ ሄደች። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰፈሩን ዞራ ጨርሳ ነበር፤ አንድም ሰው አላገኘችም።

ቤቷ ስትመለስ እማማ በቀለች በሩ ላይ ቁርበት አንጥፈው ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅማሉ። ጆሯቸው ደክሟል እንጂ ዓይናቸው ደህና ነው። ፈየራን አየሽው ወይ፣ ለምንድነው የማይመጣው ብለው ጠየቋት። ከዳገቱ እስከዚህ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሰውየው ከፋሲካ ወዲህ እግሩ አልረገጠም። ገዲሴ ሁልጊዜ እንደምትለው ሥራ በዝቶበት ነው፣ ሰላም ብሎዎታል አለቻቸው። ይኼን ውሸት በየሳምንቱ ስለምትደግመው አሁን አሁን ራሱ ከአፏ ይወጣል። ከዚያ የድንጋዩን ክምር አየች፣ ስምንቱን እርምጃ አየች፣ ምስር የሚለቅሙትን አሮጊት አየች። ይኼ ሕዝብ ለሞተ ሰው እንጂ ለቆመ ሰው አይመጣም ማለት ነው። ተነስታ ወደ በንቲ ቤት ሄደች።

በንቲ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። ሃያ ዓመት ነፍቷል። በዚህ ሰፈር ወግ ሞት ሊነግረው የመጣን ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ሟቹን ከሀዘንተኛው አፍ አስወጥቶ መስማት ነውር ነው። የማን ቤት ብቻ ይላል፤ የቀረውን ሰው ሄዶ ራሱ ያያል። ገዲሴ በሩ ላይ ስትቆም በንቲ ፊቷን አየና ቆቡን አወለቀ። የማን ቤት አላት። የሮበሌ ቤት አለችው። ከንፈሩን መጠጠ፣ እማማ በቀለችን ማለቱ ነው፣ ጥሩምባውን ከምስማሩ አወረደ። ገዲሴ ይኼ ሽማግሌ ምንም ያልበደላት ሰው መሆኑን ስታስብ ሆዷ ባባ፤ ግን አላስቆመችውም።

ጥሩምባው በጠራራ ፀሐይ ከላፍቶ እስከ ሀና ማርያም መንገድ ድረስ ተሰማ። ከዚያማ ምን ይጠየቃል። ወገቡን ያመመው ሰው የድንኳን ቋሚ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወርድ ታየ። እንግዳ ያለበት ሰውም ድስት ይዞ መጣ። ተሰብስቦ መታየት የፈራውም ሰው በመሃል ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ዙሌካ ትልቁን ጀበና አንጠልጥላ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከመቶ ሃምሳ ሰው በላይ ማጠፊያው ላይ ቆመ። ጋሽ ፈየራ መጨረሻ ላይ ደረሰ። እናቴን፣ እናቴን እያለ ደረቱን ይመታል፤ ሁለት ሰው ደግፎታል፤ ኮቱ ትከሻው ላይ የለም፣ እንባው እውነተኛ እንባ ነው። ሰው ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጠው። ጋሽ ፈየራ በሩ ጋ ሲደርስ እናቱ ቁርበታቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

እማማ በቀለች ሕዝቡን አይተው ደንገጥ አሉና «ማን ሞቶ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ገዲሴ የድንጋዩ ክምር ላይ ወጥታ ቆመች። «ማንም አልሞተም» አለች። «ቆመን ስንለምናችሁ ስለማትመጡ ነው። ድንጋዩ ይኸው፣ ወንዙም ይኸው። መቶ ሃምሳ ሰው ናችሁ፤ እያንዳንዳችሁ አሥር አሥር ድንጋይ ብታነሱ እስከ ማታ ያልቃል። ካላነሳችሁ ደግሞ ሐምሌ ላይ ይኼ ጥሩምባ እውነቱን ይነፋል፤ ያን ጊዜ ግን ድንኳን መትከያ ገንዘብ የላችሁም።»

ለአፍታ አንድ ሁለት ወንድ ድንጋዩን አየ። አንዱ እንዲያውም እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ ነበር። ጋሽ ፈየራ ግን ያን ጊዜ ከድንጋጤው ተመለሰና ጮኸ። ገዲሴ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም፤ ድምፁ ወዲያ ማዶ ደርሶ ይመለስ ነበር። የሐሰት ጥሩምባ አስነፍታ በእናቱ ሞት የቀለደች ሴት ናት አለ። ደንቡ ይታወቃል፣ አንቀጽ አሥራ አንድ፣ ሐሰተኛ ሞት ያሳወጀ ከዕድሩ ይሰረዛል፤ ከዛሬ ጀምሮ ስሟ ተሰርዟል፤ ብትሞት የሚቆም የለም፣ ልጆቿም ቢሞቱ የሚቆፍር የለም አለ። ሕዝቡ ልክ ነው፣ ልክ ነው አለ። እጅጌውን የሰበሰበውም ሰው መልሶ አወረደው።

ገዲሴ ከድንጋዩ ወርዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይኼ ድምፅ ጠዋት የት ነበር?»

ጋሽ ፈየራ አካባቢውን አየ። ሰዉ ድንኳኑን ለመጠቅለል ዞር ዞር ብሏል። ጠጋ ብሎ፣ እሷ ብቻ በምትሰማው ድምፅ፣ ሳያፍርበት ነገራት። «ጠዋትማ ፈራሁ» አላት። «አንቺን ግን ምን ብዬ እፈራለሁ?»

ከዚያ መልሶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጸሐፊውን ጠራና ስሟን በቀይ እስክሪብቶ እንዲሰርዝ አዘዘው። ሰዎቹ ቋሚዎቻቸውን ተሸክመው፣ ድስቶቻቸውን አንጠልጥለው፣ እየተነጫነጩ ዳገቱን ወጡ። ዙሌካ ቤቷ ገብታ ዘጋች። በንቲ ለብቻው፣ ጥሩምባውን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ማንንም ሳያይ ሄደ። ጋሽ ፈየራም ከፊት ከፊት እየመራ፣ ስለ አንቀጽ አሥራ አንድ ለአጠገቡ ሰው እያስረዳ ወጣ።

እማማ በቀለች ምስሩን ትተው አንገታቸውን ዘለግ አድርገው ዳገቱን ያያሉ።

«ያ ፈየራ አይደለም ወይ?» አሉ። «ምነው፣ ሳይስመኝ ሄደ?»

ገዲሴ ጎንበስ ብላ አንድ ድንጋይ አነሳች፣ ወደ ውሃው ዳር ወስዳ ጣለችው፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ጆሯቸው ጋ ጠጋ ብላ፣ እንዲሰሙ ጮክ ብላ ነገረቻቸው።

«ሊቀብርዎት ነበር የመጣው፣ እማማ። በሕይወት ሲያገኝዎት ተመለሰ።»